የቁርሱን ፎቶ ለእራት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ

«ዕድሜዬ 31 ነው። የማሸጊያ ማሽን በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ። ማሽኑ በተሸጠበት አገር ሁሉ እየሄድኩ እተክላለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ የፋብሪካውን ሠራተኞች አሠለጥናለሁ። አንዱ ጉዞ ከአራት እስከ ሰባት ሳምንት ይፈጃል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሆቴል ውስጥ ነው። ድርጅቱ ማደሪያዬን ይከፍላል፤ ለምግብ ደግሞ ውሎ አበል ይሰጠኛል፣ ደረሰኝ አይጠይቅም። የቤቴን መሠረት ያስወጣልኝ ይህ አበል ነው። አሁን ግድግዳ ላይ ደርሻለሁ።

ሆቴሉ ቁርስ ስለሚሰጥ ጠዋት እስኪበቃኝ እበላለሁ። ሁለት ዳቦ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ እከታለሁ፤ ምሳዬ እርሱ ነው። ማታ በፈላ ውሃ የሚዘጋጅ ኑድል እበላለሁ፤ አለዚያም ሻንጣዬ ውስጥ ይዤው በምዞረው ትንሽ የሩዝ ማብሰያ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ አበስላለሁ። ሽታው እንዳይወጣ በሩ ሥር ፎጣ እጎዘጉዛለሁ። የተረፈውን ሩዝ መስኮቱ ጥግ አሳድሬ በማግስቱ እጨርሰዋለሁ። የአገሩ ባልደረቦች እራት ሲጋብዙኝ ‹ሆዴን ያመኛል› እላለሁ፤ ብጋበዝ መጋበዝ ይመጣል ብዬ እፈራለሁ። እንቅልፍ የለኝም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቼ ጣሪያ ሳይ አነጋለሁ።

እናቴ በየማታው እየደወለች ‹ምን በላህ?› ትለኛለች። ጠዋት የቁርሱን ገበታ ፎቶ አንስቼ አስቀምጥና ማታ ‹እራቴ ነው› ብዬ እልክላታለሁ። ባለፈው ወር መሰላል ላይ ሆኜ ዓይኔ ጨለመ፤ መፍቻው ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ከሥር ሰው አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም። ስስታም ነኝ ወይስ ብልህ? ይህን ኑሮስ እንዴት ልኑረው?»

ሻንጣው ያልተፈታ

መልስ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ መሰላሉ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስለ ስስትና ስለ ብልሃት ከማውራታችን በፊት ይህ ይቅደም። ዓይንን የሚያጨልመው ረሃብ ብቻ አይደለም፤ የእንቅልፍ እጦት፣ ውሃ አለመጠጣት፣ የደም ማነስ፣ የግፊት መውረድ፣ የልብ ምት መዛባትም ያጨልመዋል። ለይቶ የሚነግርህ ሐኪም ነው። ደምህን፣ ስኳርህንና ግፊትህን ተመርመር፤ ውጤቱን እስክትሰማ ድረስ መሰላል አትውጣ። ለአለቃህም ንገረው። የወደቀው መፍቻ ማንንም ያልነካው ወለሉ በዚያች ቅጽበት ባዶ ስለነበረ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሠራተኛውን ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የጉዞ ሕክምና መድን ይገባለታል። የመድኑን ቁጥርና የአደጋ ጊዜ ስልኩን ጠይቀህ ኪስህ ውስጥ ያዝ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኸው እንደሆነ አይገርመኝም፤ እኔም በዞርኩባቸው ዓመታት አላየሁትም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ስስታም ለሌላው እየነፈገ ለራሱ የሚያበዛ ሰው ነው፤ አንተ የነፈግኸው ለራስህ ነው። ብልህ ግን አልልህም። ሒሳቡን ስትሠራ አንድ መስመር ዘልለሃል። ውሎ አበል ደመወዝ ላይ የተጨመረ ጉርሻ መስሎሃል። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች የቀን አበል ምን ያህል እንደሚሆን ዓለም አቀፉ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የሚወስነው ለእያንዳንዱ ከተማ ለየብቻው ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የታሰበው በዚያ ቦታ ለማደርና ለመብላት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ በጉዞ ላይ ምሳ ከተዘጋጀለት የምሳው ድርሻ ከአበሉ ላይ ይቀነስበታል። ድርጅትህም ደረሰኝ አለመጠየቁ የገንዘቡን ዓላማ አይለውጠውም። በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መሰላል ላይ ሳይንገዳገድ የሚቆም ቴክኒሻን ነው። አንተ ግን ያን ቴክኒሻን አስርበህ ጡብ ትገዛበታለህ።

መቆጠብህን አልጠላሁትም። ከአበል ላይ ያልቆጠበ መንገደኛ አይቼ አላውቅም፤ አየሁ የሚል ካለ ይጻፍልኝ። የጠላሁት የቆጠብክበትን ቦታ ነው። ከማደሪያው፣ ከታክሲው፣ ከሆቴሉ እራት ዋጋ ላይ የሚቆጠብ ብዙ ነገር አለ፤ ከሆድ ላይ ግን የሚቆጠበው ጥቂት ነው፣ እርሱም ቆይቶ በሐኪም ቤት በኩል ይመለሳል።

ይህን የምልህ ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት አስተርጓሚ ነበርኩ። አስተርጓሚ በዓለም ላይ ካሉ ተርበው ከሚያድሩ ሠራተኞች አንዱ ነው ብል ሰው አያምነኝም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚቀመጠው በደመቀው ገበታ ላይ ነው። ነገር ግን አንዱ ሲያኝክ ሌላው ይናገራል፣ ሌላው ሲያኝክ አንዱ ይመልሳል፤ አስተርጓሚ ለሁለቱም ይናገራል። ሳህኔ ሞልቶ ይመጣል፣ ሞልቶ ይመለሳል። አስተናጋጆቹ «አልወደዱትም?» ይሉኝ ነበር፤ ለእነርሱም አስተረጉምላቸው ነበር። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ብስኩት እበላለሁ። ከዓመታት በኋላ ነው አንድ በዕድሜ የገፉ የሙያ ባልደረባዬ «ከእራት ግብዣ በፊት እራትሽን ብዪ» ብለው የገላገሉኝ። እንዲህ ቀላል ነገር ለማወቅ ስንት ሌሊት ብስኩት እንደበላሁ ስነግርህ አፍራለሁ። ስለዚህ ፎጣ በሩ ሥር ጎዝጉዞ በሩዝ ላይ ያጎነበሰን ሰው ለመሳቅ ድፍረቱ የለኝም።

እንቅልፉን እናንሳ፤ ከምግቡ ጋር የተጋባ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሼል ሲፍር የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ ሰዓት ሳይዝ በአልፕስ ተራሮች ውስጥ ካለ የበረዶ ዋሻ ገብቶ ሁለት ወር ያህል ኖረ። ሲደክመው ይተኛል፣ ሲርበው ይበላል። መስከረም 14 ቀን ሊያወጡት ሲመጡ እርሱ በራሱ ቆጠራ ገና ነሐሴ 20 ላይ ነበር፤ 25 ቀን ጠፍቶበታል። ብርሃን የማያይ አካል የቀን ሒሳቡን ይስታል። አንተም በየስድስት ሳምንቱ መጋረጃው የተጋረደ የሆቴል ዋሻ ውስጥ ትገባለህ፤ ከዚያ በኒዮን መብራት ወደሚሠራ ፋብሪካ ትሄዳለህ፤ ከዚያ ተመልሰህ ወደ ዋሻህ። ምሳህን በኪስህ ባለ ዳቦ ታልፈዋለህ፤ እራትህን ደግሞ አንድ ቀን በ12 ሰዓት፣ አንድ ቀን በ5 ሰዓት ትበላለህ። ታዲያ አካልህ የት አገር እንዳለ በምን ይወቅ?

የሰው የውስጥ ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ቀኑን ማርዘም፣ ማለትም ወደ ምዕራብ መብረር፣ ይቀለዋል፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ግን ቀኑ ስለሚያጥርበት ይከብደዋል። አንድ ሰዓት ልዩነት ለመልመድ በግምት አንድ ቀን ይፈልጋል። አንጎል ውስጥ ያለውን ዋናውን ሰዓት የሚያስተካክለው ብርሃን ነው፤ ጉበትና አንጀት ግን የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እነርሱ የሚሰሙት የምግብን ሰዓት ነው። ስለዚህ በደረስክ ማግስት መጋረጃውን ግለጠው። ቁርስህን መስኮት አጠገብ ተቀምጠህ ብላ፤ የሚቻል ከሆነ ወደ ፋብሪካው ከመሄድህ በፊት ሃያ ደቂቃ በእግርህ ዙር። ምሳንና እራትን ደግሞ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት አድርጋቸው፤ ቢርብህም ባይርብህም። ቡና የምትወድ ከሆነ ከምሳ በኋላ አቁም፤ የጠጣኸው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ደምህ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከነቃህ ስልክህን አትክፈት፣ ኑድልም አታፍላ፤ በዚያ ሰዓት በላህ ማለት ጉበትህን «ነግቷል» አልከው ማለት ነው።

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አልልህም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለህ ያህል የሳሳ ነው፣ እርጥበቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ምላስ በዚያ ደረቅ አየር ጣዕም ይጠፋበታል፤ የአውሮፕላን ምግብ የሚሰደበው ግማሹ ያለ ጥፋቱ ነው። ውሃ ጠጣ፣ ተኛ፣ በቃ።

ቁርስህን ደግፌልሃለሁ። ጠዋት ጠግቦ መብላት የጉዞህ ብቸኛ ጤናማ ልማድ ነው። ዳቦ ከመደበቅ ግን አንድ ቃል ይሻላል። በማለዳ ለሚወጣ እንግዳ በዕቃ የሚያዝ ቁርስ የሚያዘጋጁ ሆቴሎች ብዙ ናቸው፤ ማታ እንግዳ መቀበያው ላይ «ነገ በ12 ሰዓት ስለምወጣ የሚያዝ ነገር አዘጋጁልኝ» ብለህ ንገራቸው። እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ አንዳንዴም እርጎ በከረጢት ታገኛለህ። በሕጋዊ መንገድ፣ በፈገግታ።

ምሳ ላይ ግን ኃይለኛ ሆኜ እናገርሃለሁ። ምሳህን ከፋብሪካው ሠራተኞች ጋር በመመገቢያ አዳራሻቸው ብላ። ፋብሪካዎች ለሠራተኛ የሚያቀርቡት ምሳ ብዙውን ጊዜ ትኩስ ነው፣ ብዙ ነው፣ ከሆቴሉ እራት ጋር በዋጋ አይገናኝም። ከመሄድህ በፊት ድርጅትህ ለደንበኛው በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ «ቴክኒሻናችን በሠራተኞች መመገቢያ ይስተናገድ ዘንድ» የምትል አንዲት መስመር እንዲጨምር ጠይቅ። የቀኑ ትልቁ ምግብህ ምሳ ከሆነ እራትህ ቀላል ሊሆን ይችላል። ኪስህ ይድናል፣ እንቅልፍህም ይድናል፣ ሆዱ ከብዶት የሚተኛ ሰው እንቅልፉ የተቆራረጠ ነውና። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መሰላሉ ላይ ስትወጣ የምትወጣው በልተህ ነው።

አሁን ወደ ፎጣው እና ወደ ሩዙ። ይህን አንብበህ እንዳትደነግጥ፣ ግን ከደነገጥክም ደግ አደረግሁ። ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ዘሩ መፍላትን ተቋቁሞ ይተርፋል። የበሰለው ሩዝ በክፍሉ ሙቀት ሲቀመጥ ባክቴሪያው ይራባል፣ መርዝም ይተፋል፤ ያን መርዝ ደግሞ በማግስቱ ደግመህ ብታፈላው አታጠፋውም። የሚያስታውክህ እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አጭር ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሁን። የመስኮት ጥግ ከሁለቱም አይደለም። ክፍልህ ውስጥ ያለችው ትንሿ የመጠጥ ማቀዝቀዣም አታስተማምንም፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ውሃና ጭማቂ ለማቀዝቀዝ እንጂ ምግብ ለማሳደር አይደለም። «ሆዴን ያመኛል» የምትለው ሰበብ እስካሁን እውነት ሆኖ ያላገኘህ በዕድልህ ነው።

ሩዝ ማብሰያውን ስለሚሰካው ነገርም አንድ ቃል። አንተ ቴክኒሻን ነህ፤ ጃፓን 100 ቮልት፣ አሜሪካ 120፣ ቻይና 220፣ አውሮፓ 230 መሆኑን ለአንተ መንገር ለአሣ ዋና ማስተማር ነው። እኔ ግን አላውቅም ነበር። ለ120 ቮልት የተሠራ የውሃ ማፍያዬን የሶኬት አዳፕተር ስላገኘሁለት ብቻ ደስ ብሎኝ 230 ቮልት ላይ ሰካሁት። አዳፕተር የሚለውጠው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን እንዳልሆነ ያን ማታ ተማርኩ። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ኃይሉ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ብልጭ አለ፣ ሸተተ፣ የፎቁ መብራት በሙሉ ጠፋ። ወደ ኮሪደሩ ከወጡት እንግዶች መካከል ቆሜ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበርና ይኸው ምስጢር ለምስጢር ተለዋወጥን። ለማንኛውም አብዛኞቹ ሆቴሎች ክፍል ውስጥ ማብሰል የሚከለክሉት ለሽታው ሳይሆን ለእሳቱ ነው። ፎጣ በሩ ሥር ጎዝጉዘህ፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት፣ ውሃ በረጠበበት ወለል ላይ ኤሌክትሪክ ዕቃ ስትሰካ አንድ ባልደረባህ ቢያይህ ምን ትለው ነበር? በፋብሪካው ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ሰልጣኝ ብታገኝ የት እንደምትሰደው አውቃለሁ።

እና ምን ላድርግ? ካልከኝ፣ መልሱ ማደሪያህን መለወጥ ነው። ለሦስት ቀን የሚሄድ ሰው ሆቴል ይገባል። ለስድስት ሳምንት የሚሄድ ሰው ግን ማብሰያ፣ ማቀዝቀዣና አንድ ድስት ያለው አፓርታማ ቢገባ ይሻለዋል። በሳምንትና በወር ሲከራይ የአንድ ሌሊት ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ከሆቴል ያንሳል፤ ስለዚህ ድርጅትህ የሚያጣው ነገር የለም፣ ሊያተርፍም ይችላል። ለሚመለከተው ክፍል ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ጽፈህ አቅርብ። «እናቴን አስታወስኩ፣ የቤት ምግብ ናፈቀኝ» አትበል፤ የገንዘብ ክፍል ሰዎች የሚገባቸው ሠንጠረዥ ነው። ሁለት ነገሮችን ብቻ አስቀድመህ አጣራ፤ ከፋብሪካው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እና በእግር የሚደረስ የምግብ ሱቅ ካለው። በታክሲ የሚኬድበት ሱቅ እንደሌለ ቁጠረው።

በደረስክበት ዕለት፣ ሻንጣህን ከመፍታትህ በፊት ሳይሆን ፈትተህ (የብዕር ስምህን አይቼዋለሁ)፣ ሱቁን ፈልገህ ሂድ። እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ምስር ወይም ባቄላ፣ ሩዝ፣ የወቅቱ አትክልት፣ ፍራፍሬ። ይህ ለአራት ቀን ይበቃል። ማታ አንድ ጊዜ አብስለህ ግማሹን ብላ፤ ግማሹን ሳይቆይ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ዘርግተህ ሲበርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተተው። በማግስቱ እንፋሎቱ እስኪወጣ አሙቀህ ብላ። ከዚያ በኋላ አታቆየው። ከቤት ቅመም መያዝ ትችላለህ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዘህ ወደ ኅብረቱ አገሮች ለመግባት አትሞክር፣ ይወሰድብሃል። ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው፤ የጉምሩክ ቅጹ ላይ ምግብ ይዘህ እንደሆነ ሲጠይቅህ እውነቱን ጻፍ።

ኑድሉን ሙሉ በሙሉ አልከለክልህም፤ ዘግይተህ ለገባህበት ማታ አንድ ይኑርህ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ሲመክር የአንዱ እሽግ ቅመም ብቻውን ብዙ ጊዜ ከዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይዟል። ግማሹን ቅመም ጣለው፣ እንቁላልና ቅጠል ጨምርበት። ሌሊት ውሃ ጠምቶህ የምትነቃው ለምን እንደሆነም ከዚህ ታገኘዋለህ። ተቅማጥ ከያዘህ ደግሞ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠህ ጠጣ፤ ማንኪያው ልክ ይሁን እንጂ አይቆለል። ደም ካየህ ወይም ትኩሳት ካለህ ያቺን የመድን ካርድ አውጣት።

ግብዣው ላይ ደረስኩ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት ለመንገደኛ ሲነገር ይከብደኛል፤ መንገደኛ ወዶ አይደለም ብቻውን የሚበላው። አንተ ግን ጋባዥ አጥተህ አይደለም። ደግሞ የመረጥከው ሰበብ ክፉ ነው። «ሆዴን ያመኛል» ስትል አንተ የምትሰማው «አልችልም» ነው፤ እነርሱ የሚሰሙት «የእናንተ ምግብ አይስማማኝም» ነው። ስንት ጊዜ በዚያ ትርጉም መካከል ተቀምጬ የጋባዡ ፊት ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ጥሩ ቃል ብመርጥ አይሞቅም ነበር።

የፈራኸው ብድሩን ነው፤ ተገቢ ፍርሃት ነው፣ ግን ልኩን አልፏል። የጋበዘህ የደንበኛው ድርጅት ከሆነ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፤ ብድሩም የአንተ አይደለም። የጋበዘህ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ምላሹ ምግብ ቤት መሆን የለበትም። በመጨረሻው ቀን ለፈረቃው ሁሉ ፍራፍሬ ወይም ኬክ ገዝተህ ብታመጣ ተቀባይነቱ የበለጠ ነው፤ ወጪውም አንድ ጊዜ ነው። በየማታው መሄድ የማትፈልግ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት «እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከእናንተ ጋር ነኝ» በል። የማትበላው ምግብ ካለ በአገሩ ቋንቋ በትንሽ ወረቀት አስጽፈህ ያዝ፤ እንግዳ ፊት ለፊት «እንቢ» ከማለት ወረቀት ማሳየት ያቀላል። ሌላም ትርፍ አለው። በስብሰባ ላይ «ማሽኑ ደህና ነው» ያለው ሠራተኛ ከሁለተኛው ሳህን በኋላ «እንደ እውነቱ ሁለተኛው መስመር ከጀመረ ጀምሮ ይነቀንቃል» ሲል ስንት ጊዜ አስተርጉሜያለሁ። የምትፈልገው ብልሽት የተቀመጠው በእራት ገበታ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቤቱ። ከአሁን በኋላ አበሉ እጅህ ሲገባ ሦስት ቦታ ክፈለው። ሁለቱ እጅ ይበላ፤ አንዱ እጅ ወደ ግድግዳው ይሂድ። ማብሰያ ያለው ማደሪያ ካገኘህና ምሳህ ከሠራተኞቹ ጋር ከሆነ ከሁለቱ እጅም የሚተርፍ አታጣም፤ ያን ጊዜ የተረፈውን ላክ። ግድግዳው ትንሽ ይዘግያል። ይዘግይ። ደረሰኝ ባይጠየቅብህም ያዘው፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላልና ሞኙን ትተህ ወረቀቱን ተጠቀምበት። ደንቡ አንድ ቀን ቢለወጥ ወይም ሕመም ቢገጥምህ ይጠቅምሃል፣ በወሩ መጨረሻም ምን ያህል እንደበላህ ያሳይሃል። ስለ ቤቱ ስትጽፍልኝ ሳሎኑንም መኝታውንም አልዘረዘርክልኝም፤ ምናልባት ኩሽናውን ሰፋ አድርገው ስል ጣልቃ ብገባ ይቅር በለኝ።

የቀረችው እናትህ ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። አንተ የምትልከው ፎቶ ላይ ከኋላ የጠዋት ብርሃን በመስኮቱ እየገባ መሆኑን እርሷ አላየችም ብለህ ነው? እናቶች ሳህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ሳህኑን አይደለም። ዝም ያለችህ አውቃ ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ያለህን ላክላት፤ የተቃጠለ እንቁላል ቢሆንም። የሰዓት ልዩነቱ ከፈቀደ እሑድ እሑድ ስልኩን ከውሃ ብርጭቆው ጋር አስደግፈህ አቁመውና እርሷ በእርሷ ገበታ፣ አንተ በአንተ አብራችሁ ብሉ። ምን እንደበላህ አትጠይቅህም፤ ታየዋለች። መሰላሉን ግን በስልክ አትንገራት፤ ሐኪሙን አይተህ ውጤቱን ይዘህ ስትመጣ፣ አጠገቧ ተቀምጠህ ንገራት።